በእጅ የሚጻፍ ማስተባበያ

ጥቅምት 4

ልምምድ ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት። አምስት ዘፈን ጨረስን። ሹንጂ ዛሬም አዝማቹን ቀድሞ ገባ። ነገርኩት።

"መምህር፣ ጡረታ ወጥተህ የለም እንዴ?" አለኝ።

ከበሮ መቺው ሳቀ። ወጣቶች የድሮ ዘፈኖቻችንን ኢንተርኔት ላይ ባያገኟቸው ኖሮ ባንዱ መቼ ይመለስ ነበር? ሹንጂ ይዘፍናል፣ እኔ ፒያኖ። ሁለታችን አብረን መኖር ከጀመርን ሁለት ዓመት። የሚያውቅ የለም። እንደዚሁ ይቆይ...

ጥቅምት 6

ሹንጂ የቁርሱን ፎቶ ለአድናቂዎች ለጠፈ። ሩዝ፣ ዓሣ፣ ከጀርባ መጋረጃ። እኔም በሐምሌ የፒያኖዬን ፎቶ ለጥፌ ነበር። ያው መጋረጃ፣ የካውያ ቃጠሎው ሳይቀር። አንዲት ልጅ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ ቃጠሎውን በቀይ ከበበችው።

መጋረጃውን አውርጄ ደበቅሁት። ከዚያ ነው የገባኝ... አሁን መንገደኛው ሁሉ ያየናል። መብራት ሳናበራ ራት በላን።

ጥቅምት 8

ሥራ አስኪያጃችን ካጂታኒ ደወለች። አንድ ሳምንታዊ መጽሔት ከነገ ወዲያ ወሬያችንን ሊያወጣው ነው።

"ማስተባበያ ይጻፍ። በእጅ። አድናቂ የታተመ ነገር አያምንም። ሹንጂ ተከራይ ነው፣ የራሱ ቤት እየታደሰ ነው፣ ነገ ሆቴል ይገባል ይባል። እሱ የሚያረቀውን እንኳን ሌላው እሱም አይረዳው፤ እርስዎ ያርቅቁት፣ እሱ ይገልብጥ።"

አራት ጊዜ አረቀቅሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር ሰሌዳ ላይ አንድ ቃል ሰርዤ አላውቅም። የኮንሰርታችን ስፖንሰር ቢሄድስ? የቀድሞ ተማሪዎቼስ ምን ይላሉ? እህቴ ታሚኮስ?

ጥቅምት 9

ሹንጂ ረቂቁን ቆሞ አነበበ።

"ቆንጆ ነው። ከመቶ ስንት ልስጥህ?"

"አትቀልድ።"

"ያኔም ፈርተህ ነው ባንዱን ጥለህ ማስተማር የገባኸው። ስንት ዓመት ጠበቅሁህ። አሁን ሆቴል ከገባሁ ግን አልመለስም፣ ሞሪዋኪ።"

በስሜ የሚጠራኝ ሲከፋው ብቻ ነው። ሻንጣውን አወጣ። ሸሚዞቹን ራሱ አጣጠፈ... እንዴት ያለ አጣጠፍ ነው።

ጥቅምት 10

ያለ ረቂቅ ጻፍኩ። በራሴ ስም። "ሹንጂ ተከራይ አይደለም። እንዋደዳለን፤ አብረን እንኖራለን።" አንድ ቃል ተበላሽቶ ሰረዝኩት። እንደገና አልገለበጥኩም። ብገለብጥ ወኔዬ ይከዳኛል።

ሹንጂ ሻንጣው አጠገብ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። "ለጥፈው" አለ።

ለጠፍኩት።

ካጂታኒ ደወለች። "መምህር፣ ምን አደረጉ?" ስልኩን ልትዘጋ ስትል... "ጽሑፍዎ ግን ያምራል።"

ጥቅምት 13

ስፖንሰሩ ሄደ። ኮንሰርቱ ይቅር አይቅር ሰኞ ይነግሩናል። በር በተንኳኳ ቁጥር አሁንም እደነግጣለሁ።

ረፋድ ላይ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ የታሚኮ። ሹንጂ ይህን ስልክ አንስቶ አያውቅም። እንዳያነሳ የነገርኩት እኔ ነኝ።

"አንሳው" አልኩት።

"ማን ነኝ ልበላት?"

"ስምህን ንገራት። የቀረውን አንብባለች።"

እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ አነሳው።