የሐምዳን ሦስት ጨረቃዎችና የክቡር ዳኛ ፍርድ

ለክቡር የአሶሳ ገበያ ዳኛ ለሙርሳል፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ ይጽና፣ ጉልበትዎ ይበርታ፣ ዓይንዎም እስከ ዛሬ እንዳገለገለዎ ያገልግልዎ። እኔ ከወንበራ ሸማ እያመጣሁ በደጅዎ የምነግደው ገላው ነኝ። ይህ ደብዳቤ በገበያው መካከል ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ያደረግሁት፣ ምስጋናዬ ለእርስዎ ብቻ ቢደርስ ስለሚያንስብዎ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ፈጣን ፍርድዎ አመሰግናለሁ። በረመዳን ዋዜማ ሕዝቡ ኮረብታው ላይ ጨረቃ ሲጠባበቅ ጎረቤቴ ሐምዳን ቀና ብሎ አየና «ሦስት ናቸው፤ ጭራም አላቸው» አለ። ሌላ ዳኛ ቢሆን ዓይንህን ምን ነካህ ብሎ ይጠይቀው ነበር። እርስዎ ግን በጥያቄ ሳይደክሙ፣ በቆሙበት ውሸታም ነው ብለው ፈረዱ፤ ቃሉም በምንም ጉዳይ እንዳይታመን አዘዙ።

ሁለተኛ ስለ አርቆ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። ሐምዳን ከዒድ በኋላ የዐብዱልቃድርን ልጅ ዐፊፋን ሊያገባ አጭቶ ነበር። ቃሉ የማይታመን ሰው የኒካህ ቃል ሊሰጥ አይችልም ብለው ሰርጉን ሲያግዱ፣ እኛ አላዋቂዎቹ ጨረቃንና ሙሽራን ምን አገናኛቸው እያልን ቀረን። ሐምዳን ሰው ፊት መቆም አፈረ። «ምናልባት እውነትም ውሸታም ሳልሆን አልቀርም» ይለኝ ጀመር።

ዐፊፋ እንደ እርስዎ ሥራ ስለማይበዛባት ዓይኑን ተመለከተችው። አባቷ ባለበት ወደ ታች እይ ብትለው፣ የታችኛው የዓይኑ ቆብ ሾጠጥ ብሎ ወደ ውጭ ተገፋ። የዓይኑ ፊት ክብነቱን ትቶ እንደ ጎጆ ጫፍ ሾሏል። ለካ ብርሃን ሲገባበት ይበተናል፤ አንዱ ፋኖስ ሦስት እየሆነ፣ ዙሪያውን ጨረር እየረጨ ይታየዋል።

አንድ ምሽት ደግሞ ሐምዳን እጮኛውን ናፍቆ በዐብዱልቃድር የቀርከሃ አጥር ጠባብ ቀዳዳ አጮለቀ።

«አንድ ነው» አለ።

«ምኑ?» አለች ዐፊፋ ከወዲያ በኩል።

«ፋኖሱ። ጭራውም ጠፍቷል።»

እሷም ነገሩ የጠባቡ ቀዳዳ ሥራ መሆኑ ገብቷት፣ ስስ የቀርከሃ ቁራጭ በወስፌ በስታ ሰጠችው። በዒድ ዋዜማ በዚያው ኮረብታ ላይ ሰው ሁሉ ጨረቃዋን ካየ በኋላ፣ ክቡርነትዎ ሊያሳፍሩት ፈልገው «ዛሬስ ስንት ናት?» ብለው ጠየቁት። ቁራጯን ወደ ዓይኑ አስጠጋና «አንድ ናት፤ ቀንዶቿም ወደ ላይ ናቸው» አለ። ሕዝቡ ሳቀ፤ የሳቀው ግን በእሱ አልነበረም። እርስዎም ጥንቆላ እንዳይሆን ልመርምር ብለው ቁራጯን ተቀበሉ፤ ለረጅም ጊዜ አጮልቀው አይተው፣ ጥንቆላ ነው አይደለም ሳይሉ መለሱለት።

ዐብዱልቃድርም እዚያው ልጄን ሰጥቻለሁ አለ፤ ሐምዳን ቃሉን ሰጠ፤ ሰርጉም ሆነ። ሰውየው ዛሬ በገበያው መካከል ቀና ብሎ ይሄዳል። የእኛ ልመና አንድ ብቻ ናት፦ ውሸታም ያሉት ጮክ ብለው እንደነበር ሁሉ፣ ፍርድዎንም ጮክ ብለው ይሻሩልን።

በችኮላዎ የምደነቅ፣ በዝምታዎ የምጽናና፣ ታዛዥዎ
ገላው
አሶሳ፣ ጥር ፲፰፻፺፫ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፍርድዎ ገና ስላልተሻረ በሕግ ፊት ሐምዳን አላገባም። እንግዲያው ባለፈው ሳምንት የበግ ጎድን እያስጨመሩ የበሉበት ሰርግ የማን እንደነበር ቢያስታውቁን በትሕትና እንጠይቃለን።