ጋሼ ኦፕራሲዮኑን እንዳይተዉት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? አባዬንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ያሳመመኝ የገዛ አፌ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ትናንት ደወለልኝ። ወንድምሽ ጋሼ የአንገታቸውን እጢ ለማስወጣት በተቀጠሩበት ቀን ሳይሄዱ ቀሩ አለኝ። የእህቴ ልጅ በኤሌክትሪክ ታድነኛለች ብለው ሐኪሙን አሰናበቱት አሉ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባለፈው በስልክ ስናወራ፣ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ፣ ጋሼ «ቢላ ሳይነካኝ ታድኚኛለሽ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ከኋላቸው ጎረቤቶች ዶክተራችን፣ ዶክተራችን ሲሉ ሰማሁና ልቤ አበጠ። «የቢላ ዘመን አልፏል፣ አሁን በኤሌክትሪክ ነው፣ ትንሽ ይታገሡ» አልኳቸው። እኔ ደግሞ ዶክተርም አይደለሁ!

ሥራዬ ይኸውልሽ። አውራ ጣት የምታክል መስታወት አለች፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቦዮች ተቀርጸውባታል። ጠብታ ደም በስኳር ውሃ አቅጥኜ በቀስታ እለቅባታለሁ። በቦዩ ዳር ኤሌክትሪክ ሲበራ በደሙ ውስጥ ያለው የካንሰር ሴል ወደ ዳር ይሳባል፣ ጤነኛው መሀል ለመሀል ይሄዳል፤ በየበራቸው ይወጣሉ። ሲያዩት ደስ ይላል። ኤሌክትሪኩ ትንሽ ከበዛ ግን ሴሎቹ ይፈነዳሉ። አንዲት አረፋ ከገባችማ እሷን ሳባርር እውላለሁ። ይህ ሥራዬ አንገት ላይ ያለ እጢ ጋ አይደርስም፤ መለየት እንጂ ማዳን አይችልም። እሱም ቢሆን ገና ሙከራ ላይ ነው።

እማዬ፣ በሞቴ፣ እጢው ሳይብስባቸው ሌላ ቀጠሮ አስይዢላቸው። ይህን ደብዳቤ ለብቻቸው እንዳታነቢላቸው፤ እነዚያ ጎረቤቶች ባሉበት አንብቢው። ይሳቁብኝ። ጋሼ «እሷ አትዋሽም» ብለው እንደሚሟገቱሽ አውቃለሁ። ልጄ ዋሽታዎታለች በያቸው፣ በዚሁ ቃል። ለአንቺም ከባድ እንደሆነ አላጣሁትም።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ጋቢውን ሳይደርብ አይውጣ። ታናሽ ወንድሜን ስለነገረኝ እግዜር ይስጠው፤ ወሬ ማቀበሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመ። የጋሼን ባለቤት ዐይናቸውን ለማየት አፍራለች በያቸው። ለጋሼ ሰላምታ ለመላክ ግን አፍ የለኝም። ኦፕራሲዮን ሆነው ሲነቁ፣ ድምፄን መስማት ከፈለጉ፣ ያኔ ስልኩን ስጫቸው።

ያዋረደችሽ ልጅሽ
ከሥራ ክፍሌ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን