ትጊ፣ ስለ መምህርነቱ የጠየቅሽኝ

ለምወድሽ እህቴ ለትጊ፣

እንዴት ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የኩዌት ሙቀት በረድ አለ? አሠሪዎችሽስ እንደ ሰው ያስተኙሻል? እኔ ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁንና ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ያማርራል እንጂ ሌላ የሚከፋ ነገር የለም። ኮንጋ ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ አልለቀቀም፤ ቡናው ግን ቀልቷል፣ ለቀማውንም ጀምረናል። ይህን የምጽፍልሽ ለቀማ በሌለበት እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ድምፅሽን ስሰማ አቃተኝ። የጎረቤታችን ልጅ ናፍቆት ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያ ስለምትመለስ በእጇ ልኬዋለሁ።

ባለፈው ስትደውዪ፣ ኮንትራትሽ ኅዳር መጨረሻ ላይ እንደሚያልቅ፣ አስተማሪ መሆን የሚቻል ከሆነ እንደምትመጪ፣ የማይሆን ከሆነ ግን ሌላ ሁለት ዓመት እንደምትፈርሚ ነግረሽኝ "ጠይቂልኝ" ብለሽኝ ነበር። ጠየቅኩ። የአስረኛ ክፍል ካርድሽን ከሳጥን አውጥቼ በላስቲክ ጠቅልዬ ዲላ ወረድኩ።

ትምህርት ጽሕፈት ቤት ፍሬዘር የሚባል ልጅ እግር ሠራተኛ አገኘሁ። "እናቴ፣ ለልጅዎ ነው?" አለኝ። ለእህቴ ነው አልኩት። ዕድሜሽ ሠላሳ ሰባት መሆኑን ሲሰማ "እስክትጨርስ ተማሪዎቹ አክስቴ ሊሏት ነው" ብሎ ሳቀ። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ "አንተ፣ እኔ ሁለት ልጅ ወልጄ ነው የተማርኩት፤ ይልቅ ለእናታችን በደንብ ንገራቸው" ስትለው ደነገጠና ወረቀት አወጣ። እየጻፈ ነገረኝ፤ ያልገባኝንም አስደገምኩት።

የድሮው አስረኛ ክፍል ብቻውን አሁን አያስገባም። አስራ አንድና አስራ ሁለትን በማታ ትማሪና አገር አቀፉን ፈተና ታልፊያለሽ። ያለፈ ሰው በመምህርነት ተመዝግቦ ለዲግሪው አራት ዓመት ይማራል፤ በመሃሉም ትምህርት ቤት ገብቶ ነባር አስተማሪ ከኋላ ተቀምጦ እያየው ያስተምራል። ሊመረቅ ሲል የመውጫ ፈተና አለ። በዚህም አያበቃም፤ የሙያ ፈቃድ የሚሉት አለ። ለእሱ እንደገና በጽሑፍ ትፈተኛለሽ፤ ያስተማርሽበትን ዕቅድና የሠራሽውን ሁሉ በአንድ ማኅደር አደራጅተሽ ታቀርቢያለሽ፤ እሱንም ይመዝኑታል። የሚመጣው መስከረም ብትጀምሪ ብዬ በጣቴ ቆጠርኩት። ሁሉ ነገር ቢቀናሽ እንኳ አርባ አራት ዓመት ይሞላሻል።

ፍሬዘር በመጨረሻ ካርድሽን አየና "በዚያን ጊዜ በዚህ ውጤት መምህራን ኮሌጅ ይጠሩ ነበር እኮ፤ ለምን አልገባችም?" አለኝ። ካርዱን ተቀብዬው ወጣሁ። መልሱ የሚገባው ላንቺ እንጂ ለሱ አይደለም።

ትጊ፣ ተጠርተሽ ነበር።

በ1998 መስከረም መጨረሻ፣ አንቺ ኢዲዶ አክስታችን አልጣሽ ዘንድ ለለቀማ ሄደሽ ሳለ፣ ከይርጋጨፌ ቡና ሊጭን የመጣ መኪና ረዳት አንድ ወረቀት ሰጠኝ። "ለትጊ ነው፣ ከትምህርት ቤት ልከውኝ ነው" ብሎኝ ሄደ። ያን ጊዜ ፊደል አልለይም ነበር። እንዳይረጥብ ብዬ፣ ግድግዳ ልለጥፍበት ካጠራቀምኩት ጋዜጣና አሮጌ ደብተር መሃል ከተትኩት። በሳምንቱ ባሌ ባልቻ "ወንድሞቼ ሊመጡ ነው" ሲለኝ ቡላ አፍልቼ ሙጫ ሠራሁ፤ ትንንሹን ወረቀት ከሥር፣ ጋዜጣውን ከላይ አድርጌ ግድግዳውን በሙሉ ለጠፍኩት። ወረቀትሽን ጨርሶ ረስቼው ነበር።

ስትመለሺ የእግርሽን ጭቃ እንኳ ሳትታጠቢ "ከትምህርት ቤት የመጣ ነገር አለ?" አልሽኝ። ያኔ ትዝ አለኝ። ግድግዳውን አየሁት፤ ለኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ነጠብጣብ ነበር። የቱ እንደሆነ አላውቅም ብዬ ባልቻ ፊት መናገር አሳፈረኝ። "ምንም አልመጣም" አልኩሽ። ሄደሽ ልትጠይቂ ስትነሺም "ያለፈ ሰው ይጠራ የለ?" ብዬ አስቀመጥኩሽ። አንቺም "እንግዲያው አላለፍኩም" ብለሽ ጎንበስ አልሽና እግርሽን ታጠብሽ።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ዓረብ አገር ሄድሽ። ባልቻ ሲሞት ቤቱ ጭር ቢልብኝ፣ የጎረቤት ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ እየሰማሁ ከግድግዳው ጋዜጣ ላይ ማንበብ ለመድኩ። በ2003 ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ጋዜጣው ተላቀቀ፤ ከሥሩ ስምሽን አነበብኩ። በሕይወቴ ከላይ እስከ ታች አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ወረቀት እሱ ነው። ካርድሽን፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ይዘሽ ጥቅምት ሰባት ቀን ኮሌጁ እንድትገኚ ይላል። ያን ጊዜ የተጠየቅሽው ይኸው ብቻ ነበር።

ለአንቺ እንደ መንገር አዲስ ጋዜጣ ለጠፍኩበት። የመጀመሪያው ጥፋቴ ካለማወቅና ከሐፍረት ነው፤ ይሄኛውን ግን እያወቅኩ ነው ያደረግኩት። "የኔ ጭንቅላት ለትምህርት አልተፈጠረም" ስትዪ በየስልኩ እየሰማሁ አሥራ አምስት ዓመት ዝም አልኩ። የላክሽልኝን ሹራብ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰዎች "የታደልሽ፣ እንዲህ ያለች እህት አለሽ" ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር።

ትናንት በቢላ ላጥኩት። ጥጉ ተቀዷል፣ ጀርባውም ጭቃ ይዟል፤ ስምሽና ማኅተሙ ግን ይነበባል። ፍሬዘር ከጻፈልኝ ጋር አጥፌ እዚህ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ለምዝገባ አይጠቅምሽም። እጅሽ ላይ እንዲሆን ብዬ ነው።

ነይ ለማለትም ሆነ ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም። ሰባት ዓመት ቀላል አይደለም፤ ብትፈርሚ አልፈርድብሽም። ብትመጪ ግን ቡናውም እንሰቱም የኔ ሥራ ነው፤ አንቺ ደብተርሽን ብቻ ትይዣለሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ኅዳር መጨረሻ የኮንትራቱን ወረቀት ሲያቀርቡልሽ "ድሮም አላለፍኩም" ብለሽ እንዳትፈርሚ። አልፈሽ ነበር።

አክስታችን አልጣሽ በጣም ሰላም ብላሻለች። ይህን ነገር ለሷም ነግሬያት ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው ቀን "ጻፊላት" አለችኝ። ልጇ ደግነትና ሚስቱም ናፍቀውሻል። አብራሽ ለምትኖረው ለሳምራ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሳሏ እንደተሻላት ንገሪኝ። ናፍቆትንም እንደ እህትሽ ተቀበያት።

የበደለችሽ እህትሽ
መሰለች

ኮንጋ፣ ጌዴኦ
ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.