የተሰጠ ቁጥር አይነካም

ደብረ ማርቆስ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

ዛሬ ከሥራ ባልደረባዬ ከመኳንንት ጋር ተጨቃጨቅን። ትክክል ግን እኔ ነበርኩ።

ሉማሜ ያለው የእንቁላል መፈልፈያ ከኮምፒውተር ትእዛዝ እንዲቀበል ከርነሉ፣ የኮምፒውተሩ ሥርዓት እምብርት ውስጥ የሚገባውን አገናኝ ኮድ፣ ድራይቨሩን፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚላክበት የራሱ ቁጥር አለው። አሁን የእርጥበት መለኪያ ስለተገጠመ አንድ ትእዛዝ መጨመር ነበረበት። መኳንንት ግን አዲሱን መሀል፣ ከሙቀቱ ጎን አስገብቶ የሌሎቹን ቁጥር ሁሉ ቀያየረው።

«በተርታ ሆኑ፤ አያምርም?» አለኝ።

«ሉማሜ ያለው ትእዛዝ ላኪ ፕሮግራም ሙቀት ለማንበብ ቁጥር ሦስትን ነው የሚልከው። አንተ ጋ ሦስት ምንድን ነው?»

ኮዱን አየ። ሦስት ማሞቂያ ማጥፊያ ሆኗል።

«ፕሮግራሙንም እናስተካክለዋለን።»

«የጻፈው ሰውዬ ከሄደ ቆየ፤ ኮዱም የለንም።»

እሱ እየሰማ ለመፈልፈያው ባለቤት ለወይዘሮ የሺ ደወልኩላቸው።

«እንቁላሎቹ እንዴት ናቸው?»

«ጆሮዬን ሳስጠጋ ጫጩቶቹ ውስጥ ሆነው ሲጮኹ ይሰማኛል፤ ነገ ሳይወጡ አይቀሩም» አሉ።

ስልኩን ስዘጋ መኳንንት የድሮዎቹን ቁጥሮች እየመለሰ ነበር። አዲሱን ትእዛዝ መጨረሻ ላይ አድርጎ ቁጥር ስድስትን ሰጠው። የድሮውን ፕሮግራም ሳንነካ እዚሁ ቢሮ ባለው የመፈልፈያው ዓይነት መቆጣጠሪያ ካርድ ሞከርነው፤ ሙቀቱን በትክክል አነበበ። ጫጩቶቹ እስኪወጡ ግን አዲሱን ድራይቨር ሉማሜ አንጭነውም።

«እርጥበት ከሙቀት ተለይቶ ስድስት ላይ መቀመጡ ግን አያምርም» አለ።

እውነቱን ነው፣ አያምርም። ይሁን።

ከኮዱ አናት ላይ «አዲስ ትእዛዝ ከታች ይጨመራል፤ የተሰጠ ቁጥር አይነካም» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ከዚህ ከሄድኩ በኋላ ይህን የሚያነብ ይኖር ይሆን?