ያለ ፈቃድ ስለተከፈተው ኦክስጅን

ለተከበሩ የነርሶች ሙያ ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እያልኩ፣ ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ፣ ከንፈርዎ ሳይጠቁር፣ ፈቃድ ያላት ነርስም ከአጠገብዎ ሳትጠፋ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ በአዋቂዎች ሕሙማን ክፍል በረዳትነት የምሠራና የእርስዎን ፈተና የምጠባበቅ ነርስ፣ ይቅርታ፣ ምናልባት አንድ ቀን ነርስ የምባል ሰው ነኝ።

፩. በመጀመሪያ ጽሕፈት ቤትዎ ስላሳተመው የፈተና መዘጋጃ መጽሐፍ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ነርስ ማለት የታዘዘችውን ብቻ የምትፈጽም ሳትሆን የምታስተውል፣ ያስተዋለችውን የምትመዝን፣ ከሁሉ አስጊው የቱ እንደሆነ ለይታ በእሱ የምትጀምርና ለውጥ መምጣቱን የምታረጋግጥ ናት ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። የትኛውም ገጽ ላይ «የምር እንዳይመስልሽ» የሚል ማስጠንቀቂያ ስላላገኘሁ የምር ወሰድኩት።

፪. በክፍላችን ዳሌያቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ተኝተው ነበር። ተሽከርካሪ ወንበራቸውን በገፋን ቁጥር «ፍሬን ያዢ፣ ልጄ!» ስለሚሉን አባባ ፍሬን እንላቸዋለን። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የአልጋቸውን ጠርዝ እየዳበሱ «ማርሹን ማን ነቀለው?» ይሉ ጀመር። ልጃቸው «አባዬ ደግሞ ቀልዱ አያልቅበትም» ብላ ሳቀች፤ እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ይሁንና አባባ ፍሬን ሲቀልዱ የሚስቅላቸውን ሰው በዐይናቸው ይፈልጋሉ፤ ያን ቀን ግን ዐይናቸው ማንንም አይፈልግም ነበር። ቁና ቁና ይተነፍሳሉ፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ጣታቸው ላይ ያደረግኩት መለኪያም ኦክስጅናቸው ማሽቆልቆሉን አሳየኝ።

፫. ተረኛዋን ሲስተር ተጣራሁ። ክፍሉን የያዘችው ብቻዋን ስትሆን፣ ከመጋረጃው ወዲያ ቁስሉ ተከፍቶ ደም የሚፈሰውን ወጣት በሁለት እጇ ተጭና ቆማለች። «እጄን ካነሳሁ ይሞትብኛል! ቀና አድርጊያቸውና ኦክስጅኑን ክፈቺው፣ ሐኪም ይጠራ!» ብላ ጮኸች። ልጃቸውን ሐኪም እንድትጠራ ላክኋት፤ አባባን ቀና አድርጌ ጭምብሉን አጠለቅኩላቸው፣ ኦክስጅኑን ከፈትኩት። ሐኪሙ ሲደርስ የከንፈራቸው ቀለም መመለስ ጀምሮ ነበር። የረጋ ደም ሳንባቸው ውስጥ መግባቱ በምርመራ ታወቀ። ታክመው፣ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው፣ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

፬. ብዙም ሳይቆይ «ያለ ፈቃድ ሕክምና በመስጠት» በሚል በሥነ ምግባር ኮሚቴዎ ተከሰስኩ። ሲስተር ስትጠየቅ መሬት መሬት እያየች «አላስታውስም» አለች። ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች፤ ፈቃድ የሌለውን ሰው ያዘዘ የራሱን ፈቃድ እንደሚነጠቅም ታውቃለች። አሁን ኮሪደር ላይ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። እሷን የያዛት ወጥመድ እኔንም የያዘኝ ነውና አልፈርድባትም፤ ለሁለታችንም አንድ ወጥመድ ስላብቃቁልን ግን ቁጠባዎን አደንቃለሁ።

፭. ለፈተና ልመዝገብ ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛዎ «ክስሽ ሳይዘጋ አትመዘገቢም» አለኝ። ክሱ እንዲዘጋልኝ ስማጸን የኮሚቴው ጸሐፊ «ኮሚቴው ማንንም መክሰስ ይችላል፤ ውሳኔ የሚሰጠው ግን ፈቃድ ባላቸው ላይ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ተፈተኚ» አሉኝ። ሁለቱ ቢሮዎች ፊት ለፊት ስለሆኑ መንገዱ አላደከመኝም፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። በመካከላቸው ባለው ጠባብ ኮሪደር ከመመላለሴ ብዛት የጽዳት ሠራተኛዋ እግርሽን አንሺ ማለቱን ትታ ዙሪያዬን ትወለውላለች። ሆስፒታሉም ሕሙማን አጠገብ እንዳልደርስ አግዶ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አስገብቶኛል፤ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሕሙማን የተኙበትን አንሶላ አጥፋለሁ። እናቴ ቤት ስገባ «ዛሬስ ምን አሉሽ?» ትለኝ ነበር፤ አሁን ፊቴን አይታ ወሬ ትቀይራለች።

ክቡር ሆይ፣ መጽሐፍዎ ከአራቱ ምርጫዎች አንዱ ሁልጊዜ ትክክል ነው ይላል። ለእኔ የቀረቡልኝ ግን ሁለት በሮች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ወደ ሌላው ይልከኛል። ሦስተኛውን በር ቢያሳዩኝ፣ ባይኖርም የለም ብለው በማኅተም ቢያረጋግጡልኝ፣ ውለታዎን አልረሳም።

ወሰን ስለሌለው ትዕግሥት፣ የእኔን ማለቴ ነው፣ እያመሰገንኩ፣

በሁለቱ በሮችዎ መካከል በታላቅ አክብሮት የቆምኩት፣
ለጊዜው አንሶላ አጣፊዋ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ባለፈው ኮሚቴው ፊት ስቀርብ ክሱን ያነብቡ የነበሩት የተከበሩ አባል፣ የስኳር መርፌያቸውን ወስደው ምሳ ሳይበሉ ስብሰባ የገቡ ኖሮ፣ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ምላሳቸው ተሳሰረ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው «ምን ቆመሽ ታያለሽ? አንድ ነገር አድርጊ እንጂ!» አሉኝ። መዋጥ መቻላቸውን አረጋግጬ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሻይ ስኳር አብዝቼ አጠጣኋቸው። ላባቸው ደርቆ ልባቸው ሲመለስ አፋቸውን ጠራርገው፣ ካቆሙበት ቀጥለው፣ «ያለ ፈቃድ ሕክምና በመስጠት» ብለው አንብበው ጨረሱ። ስለ ሻዩ እስካሁን ክስ አልደረሰኝም፤ በሂደት ላይ ከሆነ ቢያሳውቁኝ።