ቢጫ ካርድ ከአልጋ ሦስት

ኅዳር 5

የክፍሉ ኃላፊ ነኝና ተረኛ ነርሶቹን ሰብስቤ ገሠጽኩ። በመተንፈሻ ማሽን ክፍል ሳቅ ነውር ነው፤ ጩኸትም ነውር ነው። የቄስ ትምህርት ቤት መምህሬ «የሚስቅ ተማሪ ቃሉ ይፈስበታል» ይሉ ነበር። የምትስቅ ነርስም እንዲሁ ቱቦው ይታጠፍባታል። ሣቂታ የምንላት ልጅ አንገቷን ደፋች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር... እያለቀሰች ይሆን? አልመሰለኝም።

አልጋ ሦስት ላይ አዲስ ሕመምተኛ አለ። ጡረታ የወጣ የእግር ኳስ ዳኛ፣ የእኔው እኩያ። የሳንባ ምች ጥሎት ትናንት ድንገተኛ ክፍል ገባ፤ አሁን ማሽኑ ይተነፍስለታል።

ኅዳር 6

ዳኛው ነቅቷል። ቱቦው ጉሮሮው ውስጥ ስላለ ድምፅ የለውም። በባዶ እጁ ከደረት ኪሱ አንዳች ነገር እንደሚመዝ እያደረገ ያሳየናል። ምን ይሆን?

«ካርዶቹን ነው ወንድሜ» አለች ሚስቱ። «እኔንም ዕድሜ ልኬን በካርድ ነው ያኖረኝ!»

ቢጫና ቀይ ካርዱን ከቦርሳዋ አወጣች። ምን ጉዳት አለው? በአልኮል አስወልውዬ ፈቀድኩ።

ከቀትር በኋላ ሣቂታን አክታ መምጠጫውን ስላዘገየች እየገሠጽኩ ሳለ ዘወር ብል... ቢጫ! በእኔ ላይ! ዳኛው ካርዱን ከፍ አድርጎ ይዟል፣ ቅንድቡ ተሰቅሏል። ወዲያው የማሽኑ ደወል ጮኸ። ቱቦውን ፈተሽኩ፤ አክታውን መጠጥኩ፤ ሁሉም ደኅና።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«እየሳቀ ነው ጋሼ» አለች ሣቂታ። «ሲስቅ ግፊቱ ይጨምራል።»

በክፍሌ! በቱቦ ውስጥ! ድምፅ የሌለው ሳቅ በየትኛው ሕግ ይከለከላል?

ኅዳር 8

ዛሬ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። የክፍላችን ሐኪም በራሱ ይተነፍስ እንደሆነ ለማየት የማሽኑን እገዛ ቀነሰች። ራስጌው ቆምኩ፤ ክንዴን አጣምሬ። «በርታ! ቀስ በል! ምን ያስቸኩልሃል?» እያልኩ መከርኩት። ትንፋሹ እንደ ተባረረች ሚዳቋ ሆነ። ላብ በላብ... ወደ ማሽኑ መለስነው።

«ነገም እንዲህ ከሆነ ቱቦውን ለማዛወር አንገቱን መብሳታችን ነው ጋሼ» አለችኝ ሐኪሟ።

ሚስቱ በኮሪደሩ መሐረቧን ስታጥፍ፣ ስትዘረጋ። ምን ልበላት? እንዲያ እየመከርኩት እንዴት አቃተው?

ኅዳር 9

የዛሬውን በቅደም ተከተል ላስፍረው።

ሁለተኛው ሙከራ። እንደ ወትሮዬ ራስጌው ቆምኩ። ገና አፌን ስከፍት... ቀይ! እስከ አፍንጫዬ ድረስ አቀረበው። ከዚያም ጣቱን ወደ በሩ።

ሐኪሟ ከንፈሯን ነከሰች። ሣቂታ ግን መቼ የምትነክሰው ከንፈር አላት!

«ዳኛ ፈርዷል እኮ ጋሼ። በሕግ አምላክ!»

ደሜ ፈላ። ከገዛ ክፍሌ? ግን ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ምንድን ነው? በሕግ አምላክ የተባለ ይቆማል፤ የተፈረደበት ይወጣል። ጋውኔን አስተካክዬ፣ ቀጥ ብዬ ወጣሁ።

ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ አየሁ። ደረቱ ተነሣ፣ ወረደ። ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ወረደ... ለካ ትንፋሹን ያሳጣው የእኔ አንገቱ ላይ መቆም ኖሯል! ሣቂታ በጆሮው ታወራለች፤ እሱ በዓይኑ ይስቃል። ደወሉም አልጮኸም።

ቱቦው ወጣ! ሚስቱ ከጎኔ ሆና ክንዴን ጨምድዳ ዘለለች። እኔም ዘለልኩ ይሆን? አንድ እግሬ ብቻ ይመስለኛል።

ስገባ በሻከረ ድምፅ የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ፦

«አሠልጣኝ... ሜዳ... አይገባም!»

ኮስተር ለማለት ጥርሴን ነከስኩ። አልሆነም። ግድግዳ ተደግፌ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። መምህሬ ይማሩኝ።

ኅዳር 10

ዛሬም መስኮት ስዘጋ ሳቄ መጣ። ምን ነካኝ?

ኅዳር 29

ቢጫው ካርድ የሣቂታ ሆኗል፤ ዳኛው ድኖ ሲወጣ አውርሷታል። ድምፄ ከፍ ሲል ከኪሷ ትመዛለች። ዝቅ አደርጋለሁ። ምን ይደረግ፣ ሕግ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዳኛው ለምርመራ መጣ። በእግሩ! ደጃችን ላይ ቆሞ ኪሱን ዳበሰና ፊሽካ አወጣ።

«ተው አንተ ሰው! እዚህ ሕመምተኛ አለ! እንዳታደርገው!»

ነፋው። ኮሪደሩ ተናወጠ። የጽዳቷ ሴት ባልዲዋን ደፋች። ሐኪሟ ብቅ፣ ሣቂታ ብቅ... ሁሉም ፍርዴን ሊሰሙ ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ ግን ፊሽካውን እያዳመጥኩ ነበር። ከሆድ የወጣ፣ ረጅም፣ አንዴም ያልተቆራረጠ። ያ ሁሉ ትንፋሽ የገዛ ራሱ!

«ድገመው» አልኩት።