መሰለች እንቢ ያለች ዕለት

ቃሊቲ፣ ግንቦት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለእምነት ታደሰ፣
ብራስልስ

የኔ ልጅ፣ ሰውነትሽ እንዴት ነው? ብርዱስ ለቀቅ አደረገሽ? እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ ድምፅሽን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ግን አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔም ልናገር ያሰብኩት ይጠፋብኛል። የጠጄ ልጅ ወደዚያው ትመጣለች ሲሉኝ ይህን ጽፌ ሰጠኋት። በርበሬና ሽሮም ይዛልሻለች። ለሚቀጥለው የክላራ ፎቶ ኤግዚቢሽን ላኪልኝ ያልሽውን አሮጌ ጆንያና የመሰለችን የስንቅ ሳህን ግን አልላክሁም። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ክላራን መጀመሪያ ይዘሻት የመጣሽ ቀን ትዝ ይለኛል። ቦሌ ተከራይተው ከሚኖሩት ወጣት ፈረንጆች አንዷ ናት፣ ፎቶ አንሺ ናት፣ ኢንስታግራም ላይ ስንት ሺህ ሰው ይከተላታል አልሽኝ። ቦሌ የውሸት ከተማ ሆኖባት እውነተኛውን አዲስ አበባ እየፈለገች ነው አልሽኝ። ቃሊቲን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ገረመኝ። የእስረኛ ጠያቂዎች ስልካቸውንና ቦርሳቸውን የሚያስቀምጡባትን ሱቃችንን ወደደቻት። በማግስቱ ግን ለክረምቱ ብዬ ያስወጠርኩትን አዲሱን ሸራ አውርጄ የድሮውን ጆንያ እንድመልስ ጠየቀችኝ። እውነተኛ የሚመስለው እሱ ነው ብለሽ ተረጎምሽልኝ። ስቄ አወረድኩት። ክፉ ልጅ አልነበረችም። ከእኛ ጋር ሽሮ በልታለች፣ እኔ ስታመም መድኃኒት ይዛ መጥታለች። ልወቅሳት አይደለም የምጽፈው።

ስለ መሰለች ነው። አባትሽ ያረፈ ጊዜ እስከ አርባው ከቤታችን ያልተለየችው መሰለች። ባሏ ፈየራ በከባድ መኪና ሁለት ሰው ገጭቶ ሲፈረድበት ልጃቸው ሩት ገና አሥር ዓመቷ ነበር። አባትሽ ሱዳን መኪና ሊነዳ ሄዷል አለቻት። ከሳሪስ ወደ እኛ ሰፈር ቤት የቀየረችውም ወሬው ልጅቷ ጆሮ እንዳይደርስ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፋብሪካ ኦቨርታይም አለብኝ እያለች ስንቅ ስታመላልስ፣ ከሰፈሩ ሰው ይህን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነበርን።

አምና በዚህ ወር ክላራ መሰለችን የእስረኛ ጠያቂዎች ሰልፍ ላይ አየቻት። ፎቶ ላንሳሽ ብላ በአንቺ በኩል ስትጠይቃት እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። መሰለች ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ «አይሆንም፣ ልጅ አለችኝ። ከፈለጋችሁ ስንቁን አንሱት፣ ፊቴን ግን እንዳታነሱ» አለችሽ።

አንቺም ዞረሽ ለክላራ ነገርሻት። ክላራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነቻትና ካሜራዋን አነሳች። መሰለችም የሚነሳው ስንቁ መስሏት ነጠላዋን ለቀቀችው።

እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። «ኖ» የምትለዋን ቃል ግን አውቃታለሁ። ያን ዕለት ከአፍሽ አልወጣችም።

አንቺ ነሐሴ ላይ ሄድሽ። ታኅሣሥ ውስጥ፣ ተዘግቶ የከረመው የስልክ ኢንተርኔት ሲለቀቅ፣ ክላራ ኢንስታግራም ላይ ያወጣችው የመሰለች ፊት ፎቶ ከሰው ሰው እየዞረ ሩት ትምህርት ቤት ደረሰ። ልጆቹ ይህቺ እናትሽ አይደለችም ወይ ብለው አሳዩዋት። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ራሷ አነበበችው፤ ባሏን ስድስት ዓመት ከእስር ቤት ደጅ የምትጠብቅ ሴት ይላል። ያን ቀን ከትምህርት ቤት በቀጥታ የመጣችው ወደ እኔ ሱቅ ነው። እናቷም ከሥራ ወጥታ እኔ ጋ ተቀምጣ ነበር። ሩት አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ስልኩን ዘርግታ፣ «አባዬ ሱዳን አይደለም?» አለቻት።

«ያቃጠለኝ መታሰሩ አይደለም» አለች ሩት። «እኔ ልጁ ሳላውቅ ፈረንጅ ማወቁ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ለእናቷ ምግብ ትሠራላታለች፣ ቤቱን ትጠርጋለች፣ ቃል ግን አትተነፍስም። አባቷን እንድትጠይቀው ብንለምናት እንቢ አለች። የካቲት ላይ ከአንድ ደላላ ጋር ተነጋግራ፣ ልብሷን እንኳ በወጉ ሳትይዝ ጠፋች። በሦስተኛው ቀን በማናውቀው ቁጥር ለእናቷ ደወለች። መተማ ደርሻለሁ፣ ነገ እንሻገራለን፣ አታስቢ አለቻት። ከዚያ በኋላ ድምፅዋን የሰማ የለም። ይኸው ሦስት ወር አለፈ። እኔና መሰለች አብረው የሄዱትን ልጆች ቤተሰቦች እያፈላለግን ዞርን፤ ሁለቱ ልጆች ካርቱም መግባታቸውን ሰማን፣ ስለ ሩት ግን የሚያውቅ አጣን። አንደኛዋ እናት የምታውቀው ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ዓይናችንን ማየት አልቻለችም።

መሰለች የሩትን መጥፋት ለፈየራ አልነገረችውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገብታ፣ ሩት ለፈተና እያጠናች ነው ትለዋለች። እሱም በርቺ በይልኝ ብሎ ይልካል። ስትወጣ እኔ ጋ ቁጭ ትልና ውኃ ትጠጣለች፤ የተናገረችውን ውሸት እንዳትረሳው ደግማ ለእኔ ትነግረኛለች።

ባለፈው ሳምንት አንቺ ደውለሽ የመሰለች ፎቶ ትልቅ ሆኖ የኤግዚቢሽኑ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል፣ ከሥሩም የክላራና የአንቺ ስም እንዳለ ነገርሽኝ። ደስ አለሽ። እኔም እሰይ አልኩሽ። በማግስቱ መሰለች መጥታ አንድ ነገር ለመነችኝ። ሩት ያለችበት ሆና ያን ፎቶ ደግማ እንዳታየው፣ እምነት ለፈረንጇ ነግራ ታስወርድልኝ አለች። ደግሞም፣ «ልጅሽማ በደንብ ነግራታለች፣ ፈረንጇ ሳይገባት ቀርቶ ነው» አለችኝ።

እዚህ ላይ አልቻልኩም። ተሳስተሻል፣ የልጄ ጥፋት ነው፣ ያልሽውን አልነገረቻትም አልኳት። ትሰድበኛለች፣ ተነስታ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅሁ። መሰለች ግን፣ «እሷም ልጅ ናት» አለች።

እንግዲህ ልጄ፣ ፎቶውን ከግድግዳውም ከስልኩም አስወርጂ። ክላራ ከተቆጣች ትቆጣ። ስምሽም አብሮ የሚወርድ ከሆነ ይውረድ። ለመሰለችም በራስሽ አፍ ደውለሽ ንገሪያት።

እኔ ግን አንድ ነገር ደብቄያታለሁ። ክላራ ያን ሰሞን ወደ አገሯ ልትወስድሽ ቃል ገብታልሽ ነበር። መሰለች ነጠላዋን ስትለቅ፣ አፌን ብከፍት ልጄ ትቀራለች ብዬ አሰብኩ። ቆሜ ሰምቼ ዝም ማለቴን አልነገርኳትም። ዛሬም ሱቄ መጥታ ውኃዬን ጠጥታ ሄደች።

በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ፤ ከሞገሱ አስቀድሞ ግን እውነት የሚደፍር አፍ ይስጥሽ። ለእኔም እንደዚሁ።

እናትሽ
ያለምወርቅ